ጳጉሜን የረሳ በጀት

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው በዓመት አሥራ ሁለት ጊዜ ደመወዝ ይቀበላል፤ ዓመቱ ግን አሥራ ሦስት ወር ነው። የነሐሴ ደመወዝ ከገባበት ዕለት ጀምሮ የመስከረም ደመወዝ እስኪደርስ 35 ቀናት፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 36 ቀናት ያልፋሉ። ደመወዙ ለዓውደ ዓመቱ መዋያ ይሁን ተብሎ ቀደም ብሎ ከተከፈለ ደግሞ መጠበቂያው ጊዜ ከዚያም ይረዝማል። በእነዚሁ ሳምንታት ውስጥ የልጆች መመዝገቢያ ይከፈላል፣ ደንብ ልብስና ደብተር ይገዛል፣ እንቁጣጣሽ ይመጣል፣ እንቁጣጣሽ ባለፈ በ16ኛው ቀን መስቀል ይከተላል። ጤፍና ሽንኩርትም ብዙውን ጊዜ የሚወደዱት በዚሁ በክረምቱ ማብቂያ ላይ ነው።

መስከረም ሲጋመስ ታዲያ ከሥራ ባልደረባው ወይም ከጎረቤቱ ብድር የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም፤ ምክንያቱን ሲናገርም «ያላሰብኩት ወጪ መጣብኝ» ይላል። እኔም ይህንን ለብዙ ዓመታት ስል ኖሬአለሁ። አንድ ክረምት ላይ ግን የወጪ ደብተሬን ከመስከረም እስከ ነሐሴ መልሼ ሳነበው፣ «ድንገተኛ» ከሚል ቃል ጎን ከጻፍኳቸው ወጪዎች አብዛኞቹ ቀናቸው ከዓመት በፊት የታወቀ ሆነው አገኘኋቸው። ፋሲካ የሚውልበት ቀን በባሕረ ሐሳብ ተቆጥሮ ተቀምጧል፤ ትምህርት ቤት የሚመዘግብበት ሰሞን በየዓመቱ ያው ነው፤ የቤት ኪራይ ውሉ የሚያበቃበት ቀን ውሉ ላይ ተጽፏል። በእርግጥ ድንገተኛ ሊባሉ የሚችሉት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው ሕመም፣ ሁለተኛው ለቅሶ።

ስለ ቤተሰብ በጀት የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ወሩን መነሻ ያደርጋል። በሰፊው የሚሠራጨው ቀመር ገቢን በሦስት ከፍሎ 50 በመቶውን ለአስፈላጊ ወጪ፣ 30 በመቶውን ለፍላጎት፣ 20 በመቶውን ለቁጠባ ማዋል የሚለው ነው። ይህ ቀመር የተቀመረው የምግብ ወጪ ከገቢው ትንሹን ክፍል ብቻ በሚወስድበት ኅብረተሰብ ውስጥ ነው። በኢትዮጵያ የሸማቾች ዋጋ ጠቋሚ (የዋጋ ንረት መለኪያው) የሚሰላበት የወጪ ቅርጫት ውስጥ ግን ምግብ ብቻውን ከግማሽ በላይ ድርሻ አለው፤ ኪራይና ትራንስፖርት ሲጨመሩበት ለ«ፍላጎት» የሚባል 30 በመቶ ከየት እንደሚመጣ ግልጽ አይደለም። ቀመሩን ሞክሮ ያልሆነለት ሰው ጥፋቱን በራሱ ላይ ይጥልና ደብተሩን በሁለተኛው ወር ይዘጋዋል። የእኔ ሐሳብ በጀት በወር ሳይሆን በዓመት መሠራት አለበት፣ ተለይቶ የተቀመጠው ገንዘብም የሚቀመጥበት መልክ እንደሚፈለግበት ጊዜ ሊለያይ ይገባል የሚል ነው።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። አንዳቸው ያልተጣራ 15,000 ብር፣ ሌላኛቸው 10,000 ብር የሚከፈላቸውን ባልና ሚስት ለምሳሌ እንውሰድ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የተሻሻለ የገቢ ግብር ምጣኔ መሠረት፣ ከ15,000 ብሩ 3,200 ብር ግብርና 1,050 ብር የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ 10,750 ብር እጅ ይገባል። ከ10,000 ብሩም 1,650 ብር ግብርና 700 ብር ጡረታ ተነሥቶ 7,650 ብር ይቀራል። የቤቱ የወር ገቢ ተደምሮ 18,400 ብር ነው ማለት ነው። ባልና ሚስቱ ይህንን ለ30 ቀን ቢያካፍሉት በቀን 613 ብር ያላቸው ይመስላቸዋል።

አሁን የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አውርደው ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉና በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚመጡትን ወጪዎች በየቀናቸው ላይ ይጻፉ። የሁለት ልጆች መመዝገቢያ፣ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ክፍያ፣ ደንብ ልብስና ደብተር 24,000 ብር ይሁን። ለእንቁጣጣሽ 6,000፣ ለመስቀል 3,000፣ ለገና 6,000፣ ለፋሲካ 9,000 ብር ይያዝ። አገር ቤት ላሉ ወላጆች በዓመት 6,000፣ ለሕክምና 6,000፣ ለሠርግና ለለቅሶ ደግሞ ሌላ 6,000 ብር ይጨመር። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቁጥር ማስገባት አለበት፤ በዚህ ምሳሌ ግን ድምሩ 66,000 ብር ነው፤ ለ12 ወር ሲካፈል በየወሩ 5,500 ብር ይደርሳል። ከ18,400 ብሩ ላይ ይህ ሲነሣ 12,900 ብር ይቀራል። ያንን በ12 አባዝተን ጳጉሜን ጨምሮ ለ365 ቀናት ስናካፍለው የቤተሰቡ የቀን አቅም 424 ብር ይሆናል። ኪራዩም፣ አስቤዛውም፣ ታክሲውም፣ የእድር መዋጮውም መሸፈን ያለበት ከዚህ 424 ብር ነው።

በ613 እና በ424 መካከል ያለው 189 ብር ቤተሰቡ ሳያውቀው በየቀኑ ከመጪው መስከረም የሚበደረው ገንዘብ ነው። ብዙ ሰው ደመወዜ አይበቃኝም ሲል እውነቱን ነው፤ ምን ያህል እንደማይበቃው ግን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ማወቁ ብቻውን ገቢ አይጨምርም፤ ነገር ግን በኅዳር ወር፣ እጅ ላይ ገንዘብ ያለ በሚመስልበት ጊዜ፣ ሶፋ ይቀየር አይቀየር የሚለው ውሳኔ በ613 ብር ዐይን ሲታይና በ424 ብር ዐይን ሲታይ መልሱ አንድ አይሆንም።

እዚህ ላይ ስለ ግብሩ አንድ ነገር ላንሣ። በ2017 ዓ.ም. በተደረገው ማሻሻያ ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ የየደረጃው ምጣኔም ተለውጧል። ከላይ በጠቀስኳቸው ባልና ሚስት ላይ ሲሰላ የመጀመሪያው ደመወዝ ግብር ከ3,750 ወደ 3,200 ብር፣ የሁለተኛው ከ2,045 ወደ 1,650 ብር ወርዷል፤ በድምሩ በወር 945 ብር፣ በዓመት 11,340 ብር ማለት ነው። ይህ ገንዘብ በምሳሌያችን ያለውን የፋሲካ ወጪ ሸፍኖ የሚተርፍ ነው። ይሁን እንጂ ያ ጭማሪ የት እንደገባ የሚያስታውስ ደመወዝተኛ ብዙ አላጋጠመኝም፤ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ገበያ ላይ አልቋል። የደመወዝ ጭማሪም ሆነ የግብር ቅናሽ ገና በመጀመሪያው ወር፣ ቤቱ ሳይለምደው፣ ለአንድ የታወቀ ወጪ ካልተመደበ በሁለተኛው ወር ተለይቶ የሚነሣ ነገር አይገኝም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ በየወሩ የሚነሣው 5,500 ብር የት ይቀመጥ የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ላይ አስቀምጦታል። በአንጻሩ ዓመታዊው የዋጋ ንረት በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጋብ ብሎ በ2017 ዓ.ም. 15 በመቶ አካባቢ ሲወርድ እንኳ ከወለዱ እጥፍ በላይ ነበር። ዋጋ በዓመት 15 በመቶ ከጨመረ ዛሬ 10,000 ብር የሚገዛው ዕቃ በዓመቱ 11,500 ብር ይገባል፤ ባንክ የተቀመጠው 10,000 ብር ደግሞ 10,700 ብር ሆኖ ይወጣል፤ ቆጣቢው 800 ብር ይጎድለዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላም ከ58 ብር በታች ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ለማቀዝቀዣ ወይም ለስልክ መግዣ ብለው ያጠራቀሙ ሰዎች ዕቃው ከእጃቸው ሲርቅ ያዩት በዚያ ሰሞን ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ብር ማስቀመጥ ሞኝነት ነው» የሚል አነጋገር ተስፋፍቷል። በዚህ አልስማማም። ለሕመምና ለለቅሶ የሚቀመጥ ገንዘብ በማንኛውም ሌሊት መውጣት መቻል አለበት፤ እህልም መሬትም አክሲዮንም ሌሊት አይሸጥም። 800 ብር ማጣት ከባድ ቢሆንም፣ በችግር ቀን ቴሌቪዥን በግማሽ ዋጋ ከመሸጥ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ከመቆም በእጅጉ ይረክሳል። ስለዚህ የድንገተኛው ገንዘብና በሦስት ወር ውስጥ የሚፈለገው ገንዘብ ባንክ ይቀመጥ፤ ወለድ መቀበል የማይፈልግ ሰውም ከወለድ ነፃ በሆነ ሒሳብ ያስቀምጠው። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የማይነካ ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ በጊዜ ገደብ የሚቀመጥ ሒሳብ ከመክፈቱ በፊት በተለያዩ ባንኮች ጠይቆ ቢያወዳድር፣ ከመደበኛው ቁጠባ የተሻለ ወለድ ተደራድሮ ማግኘት ይችላል። በ2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በ300 ብር፣ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን ሆኖ ለሕዝብ ሲቀርብ በ9,900 ብር ባለድርሻ መሆን ተችሏል፤ በዚያው ዓመት ጥር ላይም አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል። ሆኖም የመስከረም መመዝገቢያ በአክሲዮን መልክ የሚቀመጥ ገንዘብ አይደለም።

በሦስት ወርና በአንድ ዓመት መካከል ለሚፈለገው ገንዘብ ግን አገሩ ከባንክ በፊትም የራሱ ዘዴ ነበረው፤ አንዱ እህል ነው። ጤፍ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይታጨዳል፤ ተወቅቶ በብዛት ገበያ የሚወጣው ከጥር ጀምሮ ነው፤ ክረምት ሲገባ አቅርቦቱ ይቀንሳል። እናቶቻችን ጥር ላይ ጎተራ የሚሞሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ጤፍ ከሌላው እህል የሚለየው ደግሞ ነቀዝ የማይደፍረው መሆኑ ነው፤ ፍሬው እጅግ ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ውስጡ ሊራባ አይችልም። ስንዴና ሽንብራ በወራት ውስጥ ሊበላሹ ሲችሉ ጤፍ ደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በጣውላ ላይ ከተቀመጠ ዓመትም ሆነ ከዚያ በላይ ይቆያል። ሙሉውን አንድ ጊዜ ማስፈጨት ግን ስሕተት ነው፤ ዱቄት እንደ እህሉ አይቆይም፤ በየወሩ የሚበላውን ያህል ብቻ ወፍጮ ቤት መውሰድ ይሻላል።

ኩንታሉን በአንድ ጊዜ መክፈል ከባድ ለሆነበት ቤት ደግሞ ሦስት ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው አንዳቸው እህል በረንዳ ወርደው ቢገዙና የመጫኛውን ቢካፈሉ ይቀላል። እዚያ ሲኬድ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አይቶ መመለስ አይገባም፤ እጅን ወደ ውስጥ አስገብቶ ከመካከሉ ጭብጥ ማውጣት፣ መዳፍ ላይ አድርጎ እፍ ማለት፣ ከዚያም ጥቂቱን በጥርስ መሞከር አሸዋና ገለባ የተቀላቀለበትን ይለያል። ከማኛው ሰርገኛው በዋጋ ዝቅ ይላል፤ ለዕለት እንጀራ ሰርገኛ፣ ለእንግዳና ለበዓል ነጭ እያደረጉ የሚኖሩ ቤቶች ብዙ ናቸው። በርበሬም እንዲሁ ዛላው በብዛት ሲገባ ገዝቶ፣ ቀንጥሶና አድርቆ ማዘጋጀት በየሳምንቱ የተፈጨ ከመግዛት ይሻላል። በዓቢይ ጾም 55 ቀናት የቅቤ ፈላጊ ይቀንሳል፤ የፋሲካን ቅቤ በጾሙ አጋማሽ ገዝቶ አንጥሮ ያስቀመጠ ሰው በሰሙነ ሕማማት ገበያ መጋፋት የለበትም። እዚህ ላይ የምናገረው ቤቱ ስለሚበላው ልክ ነው፤ ሊሸጡት ብለው እህል ማከማቸት ሌላ ነገር ነው፣ ጎረቤትንም ይጎዳል።

ሁለተኛው ዘዴ እቁብ ነው፤ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባኛል፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጥለውን ያህል አስቦበት አይጥልም። በአንድ የሰፈር እቁብ ላይ እሁድ ከሰዓት በኋላ የሚሆነውን በቅርብ ላሳይ። ጸሐፊው ባለ መስመር ደብተሩን ይከፍታል፤ በግራ በኩል 24 ስሞች፣ በቀኝ በኩል የየሳምንቱ ዓምዶች አሉ። ገንዘቡን የሰጠ ሰው ስም ጎን ምልክት ይደረጋል፤ ያልመጣው ይደወልለታል። እጣ ያልወጣላቸው ሰዎች ስም በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ፣ አራት ጊዜ ተጣጥፎ ኩባያ ውስጥ ይገባል፤ ከጎረቤት ልጆች አንዱ ተጠርቶ ያወጣል። የወጣለት ሰው ዋስ ጠርቶ ይፈርማል፤ ገንዘቡን ቆጥሮ ይወስዳል።

እያንዳንዱ ሰው በሳምንት 1,000 ብር ቢጥል እጣው 24,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የወጣለት ሰው 24,000 ብር ያለ ወለድ ተበድሮ በ24 ሳምንት እየከፈለ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንት የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ ሲያበድር ቆይቷል። ዋጋ በማይንቀሳቀስበት ዘመን ይህ ልዩነት ብዙ አይሰማም፤ በእኛ ዘመን ግን የመጀመሪያው እጣና የመጨረሻው እጣ የሚገዙት ዕቃ አንድ ያህል አይደለም። በሁለት ዓመት የሚዞር ረጅም እቁብ መጨረሻ ላይ የሚደርሰውን ሰው ክፉኛ ስለሚጎዳው፣ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ የሚያልቅ እቁብ መምረጥ ይሻላል። እጣ በመቀያየር ልማድም መጠቀም ይገባል፤ ቀድሞ የወጣለትና የማይቸኩል ሰው ለቸኮለው ይለቃል፣ የቸኮለው በተራው ይተካለታል።

የእቁብ ትልቁ ጉልበት ይሉኝታ ነው። ለራሱ ሒሳብ በየሳምንቱ 1,000 ብር ማስገባት ያቃተው ሰው እሁድ ሃያ ሦስት ሰው እየጠበቀው ግን አይቀርም። ይኸው ይሉኝታ ድክመቱም ይሆናል፤ ዋስ ሳይጠየቅ፣ «እንዴት እሱን ያህል ሰው ዋስ አምጣ እንላለን» እየተባለ የሚሰጥ እጣ ነው በልቶ የሚጠፋ ሰው የሚያመጣው። የእቁቡ ደንብ በጽሑፍ ይሁን፤ ዳኛውና ጸሐፊው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ፤ ገንዘቡ ከአንድ ሰው ቤት ከሚያድር በሁለት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ይለፍ። ከሁሉም በላይ ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል እጣው ከመውጣቱ በፊት ተወስኖ ቀን መቁጠሪያው ላይ መጻፍ አለበት። እጣው ወጥቶ፣ ብሩ ጠረጴዛ ላይ ተቆጥሮ፣ ከዚያ በኋላ «ምን እንግዛበት?» የሚባልበት ቤት የስድስት ወር ቁጠባውን በሁለት ሳምንት ይጨርሰዋል።

ወደ ዕለት ወጪ ልመለስ። ከማኪያቶ መቀነስ ስለሚገኘው ቁጠባ ብዙ ተብሏል፤ ብዙ ደመወዝተኛ ማኪያቶውን ከተወ ቆይቷል። ትልቁ ፍሳሽ ያለው በትንሽ በትንሹ መግዛት ላይ ነው። ሩብ ኪሎ ስኳር፣ ሩብ ኪሎ ቡና፣ በየጊዜው የምትገዛ ግማሽ ሊትር ዘይት፣ በየዕለቱ የሚሞላ የስልክ ጥቅል፤ እነዚህ ሁሉ በመጠን ሲሰሉ ከትልቁ ግዢ ይወደዳሉ፤ የሚወደዱትም ገንዘብ ባነሰው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ቤት ከሚያጠራቅመው ገንዘብ የመጀመሪያው 2,000 ወይም 3,000 ብር ባንክ ከመግባቱ በፊት ከዚህ ሰንሰለት መውጫ ቢሆን እመክራለሁ። አምስት ሊትር ዘይት በአንድ ላይ ሲገዛ ከችርቻሮው 10 በመቶ ቢረክስና በአንድ ወር ቢያልቅ፣ ያ ገንዘብ በአንድ ወር ውስጥ 10 በመቶ ያህል አትርፏል፤ ባንኩ ለዓመት የሚሰጠው 7 በመቶ ነው። በሁለተኛው ወር ያው ገንዘብ እንደገና ይሠራል። በአዲስ አበባ የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሱቆችና የእሁድ ገበያዎች ለዚህ ዓይነቱ ግዢ ከሰፈር ሱቅ የተሻሉ ናቸው።

ዱቤ በበኩሉ ከዋጋው በላይ የሚያሳጣው ነገር አለ። ባለሱቁ በጭንቅ ቀን የሚደርስ ጎረቤት ነው፤ ውለታውን ማቃለል አልፈልግም። ነገር ግን ዱቤ ያለበት ሰው ወደ ሌላ ሱቅ መሄድ ያፍራል፣ ዋጋ መከራከርም አይችልም። ዱቤ ግድ የሆነበት ቤት ቢያንስ የራሱን ደብተር ይያዝና በየሳምንቱ ከባለሱቁ ደብተር ጋር ያስተያየው፤ ጭቅጭቁም ይቀራል።

ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር፣ ቀጥሎም ሌሎች የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቶች ሲስፋፉ ዱቤ ወደ ስልክ ተዛውሯል። ስልክ ላይ ገንዘብን ለየብቻ ማስቀመጥ መቻሉ መልካም ነው፤ ደመወዝ በገባበት ሰዓት 5,500ውን ወደ ሌላ ሒሳብ ማሻገር የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆኗል። ብድሩም እንደዚያው ቀሏል፤ ችግሩ ያለው በቅለቱ ላይ ነው። የአገልግሎት ክፍያው 5 በመቶ የሆነ የአንድ ወር ብድር ርካሽ ይመስላል፤ ወሩ ሲያልቅ ተከፍሎ በዚያው ቀን እንደገና የሚወሰድ ከሆነ ግን በዓመት 60 በመቶ ይሆናል። አንድ ጊዜ ለሆስፒታል የተወሰደ ብድር ይገባኛል፤ በየወሩ በ25ኛው ቀን የሚወሰድ ብድር ግን በጀቱ በ613 ብር እንጂ በ424 ብር እንዳልተሠራ ምልክት ነው።

የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ በየጊዜው ከፍ እያለ ነው፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥርም የኪሎ ዋት ሰዓቱ ዋጋ ይጨምራል። አምፖል ማጥፋት ጥሩ ልማድ ቢሆንም የቤቱን ሒሳብ የሚወስነው ምጣዱ ነው። የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል ይስባል፤ አንድ ተኩል ሰዓት ሲጋገርበት አምስት ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ ያ አንድ ባለ 10 ዋት አምፖል 500 ሰዓት የሚያበራ ነው። በሁለት ቀን አንዴ ከመጋገር በአራት ቀን አንዴ መጋገር፣ ምጣዱ አንዴ ከጋለ በኋላም ሳያቋርጡ መጨረስ ማሞቂያውን በግማሽ ይቀንሰዋል።

ኪራይን በተመለከተ ተከራይ ሊያውቀው የሚገባ ሕግ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲፈጸምም ያዝዛል። ሕጉ በየቤቱ በሚገባው መጠን እየተሠራበት ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ተመዝግቦ የተያዘ ውል በጀት ለሚሠራ ሰው ትልቁን ወጪ ለሁለት ዓመት የታወቀ ያደርግለታል።

በቁጠባ ምክር ውስጥ በጣም የሚያሳዝነኝ ማኅበራዊ ኑሮን እንደ ብክነት የሚቆጥረው ነው። እድር ያለው ሰው ሐዘን ሲደርስበት ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ የሚቀመጥለት ሰውም አለው፤ በዚያ ዋጋ የሚገዛ ሌላ ዋስትና የለም። ቅርጫም እንዲሁ ነው፤ በሬውን ለብቻው የማይገዛ ቤተሰብ ከጎረቤቶቹ ጋር ገዝቶ በመደብ ሲካፈል ከሥጋ ቤት በተሻለ ዋጋ ሥጋ ያገኛል፣ በዓሉንም ከሰው ጋር ያሳልፋል። መፍትሔው ሰው ጋ መድረስን መተው ሳይሆን ለዚያ የተመደበውን ማወቅ ነው። በዓመት 6,000 ብር ለሠርግና ለለቅሶ የመደበ ሰው ኪሱ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ሰጥቶ በማግሥቱ አይበደርም፤ ባለው ልክ ሰጥቶ ለቀረው ጉልበቱን ያዋጣል።

ከዓረብ አገራት የሚላክ ገንዘብ ላይ ደግሞ ሌላ ቅርብ ቁስል አለ። በሰው ቤት እየሠራች ለዓመታት የላከች ልጅ ስትመለስ የምታገኘው ያረጀ ቴሌቪዥንና የተበላ ገንዘብ ብቻ የሆነበትን ቤት የማያውቅ ሰፈር ጥቂት ነው። ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አስቦ አይደለም፤ የላከችው ብር ከአስቤዛው ጋር በአንድ ኪስ ስለገባ አልቋል። ልጅቱ ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም ሒሳብ ከፍታ፣ ከምትልከው ውስጥ ለቤት የሚውለውና ለእሷ የሚቀመጠው በግልጽ ቢነገር፣ ቤተሰቡም በየወሩ የሒሳቡን ወረቀት ፎቶ አንሥቶ ቢልክላት፣ በመመለሻዋ ጊዜ የሚፈጠረው ቅያሜ ይቀንስ ነበር።

ይህ ሁሉ የማይሠራለት ቤት መኖሩን መካድ አይቻልም። የተጣራ 4,000 ብር እየተከፈለው ቤት ተከራይቶ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ጋ የጎደለው ገቢ እንጂ ሥርዓት አይደለም፤ ለእሱ «ቆጥብ» ማለት ድፍረት ነው። እንዲህ ላለው ቤት የሚጠቅመው ከሌሎች ጋር የሚደረገው ነው፤ አብሮ እህል መግዛት፣ አብሮ ማስፈጨት፣ በሳምንት 100 ብር የሚጣልበት ትንሽ እቁብ።

ለቀረነው ጥር ጥሩ መጀመሪያ ነው። የገና ወጪ ያለፈበት፣ ጤፉም ገበያ የወጣበት ጊዜ ነው። ልጆቻቸውን አንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ሠላሳ ወላጆች በጥር የመጀመሪያ እሁድ በሳምንት 800 ብር የሚጣልበት እቁብ ቢጀምሩ እጣው 24,000 ብር ነው፤ በሠላሳው ሳምንት፣ ሐምሌ ሲያልቅ፣ ለሁሉም ደርሶ ይጠናቀቃል። ቀድሞ የደረሰው ወላጅ ከገንዘቡ የክረምቱን ጤፍ ገዝቶ በየወሩ ለአስቤዛ ሊያወጣው የነበረውን ወደ ባንክ ይመልሳል፤ መጨረሻ ላይ የደረሰው እጣውን ይዞ በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ቤት ይሄዳል። የነሐሴ ደመወዝ ሲገባ መመዝገቢያው ተከፍሏል፤ ደመወዙ የሚጠብቀው ጳጉሜንን፣ እንቁጣጣሽንና የመስከረምን አስቤዛ ብቻ ነው።